የመሪው ስም

ጄምስ ብሩስ የሚባለውን ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በስም የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር የ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ከጊሽ በላይ ካለ ኮረብታ አፋፍ ላይ አቁሞ የዓባይን ምንጭ በጣቱ አሳየው። ወልዶ በዋዛ አላሳየውም። መንገዱን ሲያጓትትበት ቆይቶ፣ ብሩስ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ከሰጠው በኋላ ነው ነገሩ የተቃናው። የአገሩ ሰው ምንጩን ስለሚያከብር ጫማህን አውልቅ አለው፤ ብሩስም ጫማውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ኮረብታው በአበባ የተሸፈነ ነበር። የአበቦቹ ሥር እንደ ሽንኩርት ትልልቅ ሆኖ ከመሬት በላይ ብቅ ያለ ስለነበረ፣ ሲረግጠው ልጣጩ እየተላጠ አንሸራተተውና ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ነው።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ከምንጩ ይልቅ አበባው ያሳስበኛል። የምንጩን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ ሰውየውን የጣለውን አበባ የጊሽ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን ታሪኩ ውስጥ አልተጻፈም። ለመጠየቅ የሚያስቸግር አልነበረም፤ ወልዶ አጠገቡ ቆሟል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ አገር የዱር አበባ የእግር ጉዞ የሚባል የዕረፍት ዓይነት እንዳለ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከኤርፖርት ወደ ሮዝዌልና አልፋሬታ ከማደርሳቸው ጡረተኞች መካከል በየሚያዝያው ወደ ቀርጤስ፣ ወደ ሲሲሊ ወይም ወደ ደቡብ ስፔን የሚሄዱ አሉ። ዐሥር ዐሥራ ሁለት ሆነው ከአንድ የዕፅዋት ዐዋቂ ኋላ ሳምንት ሙሉ ይጓዛሉ። ከመንገድ ዳር ተንበርክከው በማጉያ መነጽር ያያሉ፤ ማታ ሆቴል ገብተው የዕለቱን የስም ዝርዝር ያመሳክራሉ። ለዚህም ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላሉ። ገንዘቡ ለአበባው አይደለም፤ አበባውማ በነፃ የበቀለ ነው። የሚከፈለው ለመሪው ነው፤ ስሙን ለሚያውቀው ሰው። በእኛ አገር የአበባ ታሪክ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ቆይቷል። መሪው እየመራ፣ ስሙን እየነገረ፣ በመጽሐፍ የቀረው የተከተለው ሰው ስም ነው።

እስቲ ኮሶን እንውሰድ። ሐበሻ ጥሬ ሥጋ መብላት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ኮሶን ያውቃል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዛፉን አበባ ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል ልክ፣ ከምን ጋር እንደሚጠጣ ለይቶ ያወቀው ሕዝቡ ነው። ብሩስ ዛፉን አይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ጆሴፍ ባንክስ ለሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ መታሰቢያ ብሎ ባንክሲያ አቢሲኒካ አለው። ጀርመናዊው ግሜሊን ደግሞ በ1791 ኬኒግስበርግ ከተማ በሚኖር ሃገን በሚባል የመድኃኒት ሊቅ ስም ሃጌኒያ አለው። ይህም አልበቃ ብሎ በ1824 ኩንት የሚባል ሌላ ሊቅ፣ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ይሠራ ለነበረ ብራዬ ለሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ብሎ ብራዬራ የሚል ስም አወጣለት። ብራዬ መድኃኒቱን ያወቀው እዚያው ቁስጥንጥንያ ነው። በመጨረሻ የጸናው ሃጌኒያ አቢሲኒካ ነው። ሦስት አውሮፓውያን በአንድ ኮሶ ላይ ተሻሙበት ማለት ነው።

ኑግም እንደዚሁ ነው። በጥቅምት የጎጃምን ሜዳ ቢጫ ምንጣፍ የሚያስመስለው ኑጋችን በሳይንስ ስሙ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። ጊዞ ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ነበር፤ በኋላም የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የኑግ ዘይት በልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ለተቅማጥ የሚያገለግለው ዋጊኖስ ደግሞ የብሩስን ስም ተሸክሞ ብሩሲያ ተብሏል። ሁሉም እንዲህ ሆነ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ጤፍ ከነስሙ ጤፍ ሆኖ ገብቷል፤ እንሰትም ኤንሴቴ ተብሎ በላቲን መዝገብ ሰፍሯል። እንዲያውም ብሩስ ራሱ ለአንዳንዶቹ የአገሩን ስም ጠብቆላቸዋል። ለምሳሌ ቀንጠፋን ይጠቅስና፣ ንጉሡ ከመዝመቱ በፊት ይህ እሾኽ ከመንገዱ ሁሉ እንዲመነጠር ዐዋጅ ይነገር እንደነበረ ይተርካል። የንጉሥን ካባ የሚይዝ እሾኽ!

ከብሩስ ጋር አብሮ መጥቶ የነበረ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊም ነበረ። ዕፅዋቱን ቁጭ ብሎ የሣለው እሱ ነው። በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም የባሉጋኒን ሥራ የራሱ አስመስሎ አቀረበው፤ ከዚያም አልፎ ሠዓሊው ወደ ጊሽ ጉዞ ሳይደርስ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ሥዕሎቹ ዛሬ የል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። የባሉጋኒም ስም በ1991 ሥዕሎቹን በሚመለከት በወጣ ትልቅ መጽሐፍ ተመልሶለታል። ፈረንጅ ለፈረንጅ እንኳ እንዲህ ካደረገ ለወልዶ ምን ሊተርፍ ኖሯል ያሰኛል።

ከሁሉም ይልቅ ታሪኩ የሚያስደንቀኝ ግን ቪልሄልም ሺምፐር የሚባለው ጀርመን ነው። በ1804 ተወለደ፣ በ1837 አድዋ ገባ፣ በ1878 እዚያው አድዋ ሞተ። ወደ አገራችን የላከው ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ የተቋቋመ የጉዞ ማኅበር ነበር። አሠራሩ እንደ አክሲዮን ነው፤ አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ተጓዡ ዕፅዋት ለቅሞ በወረቀት መካከል ተጭኖ ያደርቅና ይልካል፣ የደረቁት ዕፅዋት ለአባላቱ እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላሉ። የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ወደደውና እንትጮን አገር አድርጎ ሾመው። ሺምፐርም የአገር ሴት አግብቶ ወለደ ከበደ። በ1855 ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርጎ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ የሺምፐርም ሹመት አብሮ ወደቀ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ እዚያ ከተገኙት አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነበር። ወደ ጀርመን ለመመለስ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ግን አልተመለሰም፣ አሁንም አበባውን መልቀም ቀጠለ።

ሺምፐር የላካቸው ዕፅዋት ዛሬ በፓሪስ፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ይገኛሉ። የበርሊኑ ክምችት በ1943 በአውሮፕላን ቦምብ ተቃጥሏል። ከእያንዳንዱ ደረቅ ዕፅ ጋር የታተመ መለያ ወረቀት አለ፤ ከላዩ በላቲን «የሺምፐር የሐበሻ ጉዞ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ይነበባል። ከዚያ የቦታው ስም ይከተላል። አድዋ አለ፤ ስሜን አለ። የሰው ስም ግን የሺምፐር ብቻ ነው። ወደ የትኛው ገደል እንደሚወረድ፣ የትኛው አበባ ከየትኛው ዝናብ በኋላ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው ቅጠል ከብት እንደሚገድል አንድ የባዕድ ሰው ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ልቃሚውን የረዱት፣ በበቅሎ የጫኑት፣ መንገዱን የመሩት የት ሄዱ? ውድ አንባቢ፣ ሺምፐርን ለመውቀስ አይደለም። አርባ ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ አፈራችን ውስጥ የተቀበረ ሰው ነው። የማኅበሩ ወረቀት ግን ለሁለት ስም ቦታ አልነበረውም።

በዚያው ዘመን ከፈረንሳይ መንግሥት ጉዞ ጋር ሁለት የዕፅዋት ሐኪሞች መጥተው ነበር። ካርቲን ዲሎን በመረብ ሸለቆ ንዳድ ሞተ። ፔቲ ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የለቀሙት ተርፎ ፓሪስ ገባና፣ ከሺምፐር ዕፅዋት ጋር ሆኖ አሺል ሪሻር በ1840ዎቹ መጨረሻ ማሳተም ለጀመረው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ መሠረት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል የራሱን አገር አበባ በትክክል ማወቅ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ፓሪስ ወይም ለንደን መሄድ ነበረበት። ለስሙ ምስክር የሚሆነው የመጀመሪያው ደረቅ ዕፅ ያለው እዚያ ነውና።

አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሳስተምር በየመስከረሙ ተማሪዎቼን አበባ ከነስሙ አምጡ እላቸው ነበር። ስሙን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያት ጠይቃችሁ የሚል ግዴታ አክዬበት። አንድ ዓመት አንዲት ሐምራዊ አበባ ሦስት ስም ይዛ መጣች፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከወንዝ ወዲህ፣ ከደጋ። ልጆቹ የእኔ ነው ልክ የእኔ ነው ልክ ተባብለው ሊጣሉ ደረሱ። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍናቸው። ላቲን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱን መንደሮች ያስማማል። ሦስቱን ስሞች ማጥፋት ግን ሥራው አይደለም።

ደግነቱ ታሪኩ በሺምፐር ወረቀት አላበቃም። በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ ተቋቋመ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ይገኛል። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ በየቋንቋው ያለውን የዕፅዋት ስም ከሳይንሱ ስም ጋር እያዛመደ የስም መዝገብ አዘጋጀ። በ1980 ደግሞ የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች የኢትዮጵያን ዕፅዋት በሙሉ የመመዝገብ ሥራ ጀመሩ። ቀይ ሽብሩም፣ ድርቁም፣ የመንግሥት ለውጡም ያለፈባቸው ምሁራን ስምንቱን ቅጽ በ2009 ጨረሱት። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበውበታል፤ ከዐሥር አንዱ ያህል ከእኛ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ አይበቅልም። የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የትግርኛው ስም እንደተገኘ ከላቲኑ ጋር ተጽፏል። ሥራውን በአገር ቤት ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። እንደ ሽንኩርት ያለ ሥር ያላቸውን አበቦች የሚመለከት መጽሐፍ በ2003 ከኖርዌጂያን ጓደኞቻቸው ጋር አሳትመዋል። ብሩስን ሁለት ጊዜ የጣለው ዓይነት ማለት ነው!

አሁን ወደ ራሷ ወደ አደይ አበባ ልምጣ። አደይ ብለን የምንጠራት ቢጫ አበባ የሳይንስ ስሟ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ቢደንስ ሁለት ጥርስ፣ ማክሮፕቴራ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው፤ ሁለቱም የፍሬዋን መልክ የሚመለከቱ ናቸው። በዕፅዋት ጥናት ደንብ ከስሙ ቀጥሎ ስም ያወጡት ሰዎች ይጻፋሉ። ለአደይ በቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ጀርመን፣ ሹልትዝ፣ ቀጥሎ አንድ ጣሊያን፣ ኪዮቬንዳ ይመጣሉ። ቅንፉ ሲዘጋ በመጨረሻ የሚነበበው «መስፍን» የሚል ነው። መስፍን ብቻ፤ የአባት ስም የለም፤ እንደ አገራችን ልማድ።

ይህ ሰው ዶክተር መስፍን ታደሰ ነው። የአደይን ወገን በመላው አፍሪካ አጥንቶ፣ ቀደም ሲል ከሌላ ወገን ተመድባ የነበረችውን አደይ አሁን ባለችበት ቦታ ያሰፈራት እሱ ነው። ከላይ ባነሣሁት ስምንት ቅጽ ውስጥ በ2004 የወጣውን የአደይንና የዘመዶቿን ክፍል የጻፈውም እሱ ነው። እንደ ብዙዎቻችን እሱም ወደዚህ አገር መጥቶ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርቷል። ልጆቻችሁ የዘመን መለወጫ ቀን የአበባ ሥዕል ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ ይህን ብትነግሯቸው እወዳለሁ፤ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የአደይ አበባ ስም የሚያበቃው በአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ነው።

እዚህ የምንኖርባት ጆርጂያም የራሷ ብሩስ ነበራት። ዊሊያም ባርትራም ይባላል። ብሩስ ጎንደርን በለቀቀ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1773፣ ባርትራም ጆርጂያ ገባ። መጽሐፎቻቸውም የታተሙት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው፤ የብሩስ በ1790፣ የባርትራም በ1791። ኮለሪጅ የሚባለው እንግሊዛዊ ባለ ቅኔ ሁለቱንም አንብቦ ሐሳባቸውን በአንድ ግጥም እንዳቀላቀለ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይናገራሉ። የሴሚኖል አለቃ ካውኪፐር ለባርትራም «ፑክ ፑጊ» የሚል ስም አወጣለት፤ አበባ አዳኙ ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ መሪዎቹ ተከታዩን ሰየሙት!

የባርትራም ታሪክ ግን ከአበባም ያለፈ ነው። በ1773 ክሪኮችና ቼሮኪዎች ኦገስታ ላይ ብዙ መሬት ሲለቁ፣ ባርትራም የተጓዘው አዲሱን ድንበር ከሚቀይሱት ሰዎች ጋር ነበር። አንድ ቀን ቀያሹ በኮምፓሱ አነጣጥሮ መስመሩ በዚህ ነው ሲል፣ አንድ የአገሬው አለቃ አይደለም፣ ወንዙ የሚገኘው በዚያ ነው አለ። ኮምፓሱ ነው የሚናገረው ቢሉት፣ ያ ትንሽ መሣሪያ ውሸታም ነው፣ ሕዝቤን መሬቱን ሊቀማ ነው ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ቀያሹ በአለቃው ተሸነፈ፤ አለቃው ልክ ነበርና። ወልዶ እንኳ በመቀነት ነው የተስማማው።

ሮዝዌልም የቼሮኪ መሬት ነበረች። ፋብሪካው የተተከለው በ1830ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቼሮኪዎቹ ከጆርጂያ በወታደር የተነዱት በ1838 ነው። ፋብሪካውን ያንቀሳቅስ የነበረው ወንዝ ቪከሪ ክሪክ መባሉ እዚያ ትኖር በነበረች የቼሮኪ ሴት ስም ነው ይባላል። ከወንዙ ጋር የሚሄደው የእግር መንገድ ዛሬ የፌዴራል መንግሥት ፓርክ ነው፤ መኪና አቁሞ መውረድ ነው። በሚያዝያ ትሪሊየም የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል አበባ ታያላችሁ። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ውኃው ዳር እንደ እሳት የቀላ፣ ከጉልበት ከፍ የሚል አበባ ይቆማል። በእንግሊዝኛ ካርዲናል ፍላወር ይሉታል። ሎቤሊያ ነው። የስሜንና የባሌ ተራራ ላይ ሰው የሚያሳክለው ጅብራ የዚሁ ወገን ነው። ጅብራ ዓመታት ቆሞ ከሰው ቁመት በብዙ በላይ የሚሆን አንድ ዘንግ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። የሮዝዌሉ ታናሽ ወንድሙ ነው ብላችሁ ብታልፉት አልተሳሳታችሁም።

የስሜንን ካነሣሁ ስለ ዛሬዎቹ መሪዎች አንድ ቃል ልጨምር። ደባርቅ ላይ መንገድ መሪነት ማዕረግ ያለው ሙያ ሆኗል። በወሎ መቄትም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎች ራሳቸው የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ተጓዡን ከመንደር መንደር በእግር የሚያደርሱበት ሥራ ተጀምሮ ነበር። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ እንግዳ ብርቅ ሆኖባቸዋል። እዚህ አትላንታ ከመካከላችን የእነሱ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ያልሆነ ስንት ነው?

ባለፈው መስከረም አንዲት በማኅበራችን የምትታወቅ እናት አደይ ናፈቀኝ ስትል ከቤተሰቧ ጋር ወደ ስቶን ማውንቴን ወሰድኳት። ከሮዝዌል በ400 ወርዳችሁ በ285 ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በ78 ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል። እዚያ ራሰ በራው አለት ላይ፣ አፈር አለ በማይባልበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ልክ በእኛ ዘመን መለወጫ ሰሞን የሚያብብ ቢጫ አበባ አለ። ከአደይ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚቆጠር ነው፤ ከሩቅ ላየውም ራሷ አደይ ናት። በ1846 ፖርተር የሚባል የፔንሲልቫንያ ቄስ አይቶት፣ የሐርቫርዱ አሳ ግሬይ በፖርተር ስም ሰየመው። የሰፊው ሕዝብ ስሙ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የኮንፌዴሬት ዴዚ ነበር፤ ባሪያ ፈንጋዩን መንግሥት ያስታውሳል። አሁን ብዙዎች የስቶን ማውንቴን ዴዚ ይሉታል። መቅጠፍ ክልክል ነው፤ ቪከሪ ክሪክም እንዲሁ።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ታሪክ ከእኔ ሰማችና ምንም አላለችም። ጎንበስ ብላ ስንጥቁን በጣቷ ነካካች፤ ያለ አፈር ምን ይበላል ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ለልጅ ልጇ «ነይ፣ የአለት አደይ ላሳይሽ» አለቻት። ልጅቱም ወደ ቤት ስንመለስ ኋላ መቀመጫ ላይ ሆና ይህንኑ ስም ለእናቷ በስልክ ትነግራት ነበር።